አፍና ደም፤ የሶማልኛና የዘመዶቹ ጉዞ ከሞጣ ሲታይ

ስለ ቋንቋ በተነሣ ቁጥር ስለ ደም መናገር፣ ስለ ደም በተነገረ ቁጥር ደግሞ መሬት መካለል የቆየ በሽታችን ነው። በሽታው የሚጀምረው ካለማወቅ ሲሆን፣ የሚያድገው ግን አለማወቁን ለጥቅማቸው በሚያውሉ ኃይሎች እጅ ነው። ይህን ጽሑፍ የቀሰቀሰውም በአንድ የገበያ ቀን ሞጣ ከተማ ውስጥ፣ ከጊዮርጊስ ደብር ብዙም ሳይርቅ በአንድ ጠላ ቤት የተካሄደ ተራ ጭውውት ነው።

ጅጅጋ ድረስ ደርሶ የተመለሰ አንድ የእህል ነጋዴ፣ ሶማልኛ የዓረብኛ ቅርንጫፍ እንደሆነና ተናጋሪዎቹም ከባሕር ማዶ የመጡ እንግዶች እንደሆኑ በሙሉ ልብ ይናገራል። «እኛ ግን የአገሩ ነን» ሲልም ይጨምራል። አንድ ወጣት መምህር ደግሞ ከመጽሐፍ ያነበበውን ጠቅሶ፣ አማርኛም ቢሆን ከባሕር ማዶ ከመጣ ቋንቋ ዘር እንደሆነ ሲያስረዳ ነጋዴው ተቆጣ። በዚህ መካከል በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተቀኙ አንድ መሪጌታ ወደዚህ ጸሐፊ ዘወር ብለው፣ «ልጄ፣ አንተ የውጭውን ትምህርት አይተሃልና ንገረን፤ ሰው ሳይሄድ ቋንቋ ይሄዳልን? ቋንቋውስ ሳይሄድ ሰው ይሄዳልን?» አሉ። የዚያን ዕለት የሰጠነው መልስ አጭርና ያልተሟላ ነበር። ጥያቄው ግን በአንድ ብርሌ የሚያልቅ አይደለም።

ከነጋዴው አባባል እንጀምር። ሶማልኛ ከዓረብኛ ብዙ ቃላት ተውሷል። ከእስልምናና ከንግድ ጋር የገቡት የሃይማኖት፣ የሕግና የገበያ ቃላት ለዚህ ምስክር ናቸው። የቋንቋ ዝምድና የሚመዘነው ግን ከጎረቤት በሚለመን ቃል ሳይሆን፣ ሕፃን ከእናቱ ጉያ ሳይወጣ በሚማራቸው ቃላትና በሰዋስው አጥንት ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ ሶማልኛ የኩሽ ቋንቋ ነው። የቅርብ ዘመዶቹ ኦሮምኛ፣ አፋርኛና ሳሆኛ ሲሆኑ፣ ራቅ ብለው ሲዳምኛና ሐዲይኛ፣ ከዚያም ራቅ ብሎ የእኛው የጎጃሙ አገውኛ ይገኛሉ።

በትምህርት ላይ በነበርንበት አገር፣ በአንድ የተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ አንድ የጅቡቲ ልጅና አንድ የአርሲ ልጅ ቁጥር ሲያስተያዩ አምሽተው ነበር። አርሲው ላማ ሲል ጅቡቲው ላባ ይላል፤ አርሲው ሰዲ ሲል ያኛው ሰዲሕ፤ አፉር ሲል አፈር። አምስት ላይ ሁለቱም ሸን ብለው ሳቁ። ስድስት ላይ ተለያዩ፤ ሰባት ላይ እንደገና ቀረቡ፤ ስምንትና ዘጠኝ ላይ ሰዴትና ሲዴድ፣ ሰገልና ሰጋል ተባባሉ። ደም በኦሮምኛ ዺጋ፣ በሶማልኛ ዺግ ነው። ይህን ሁሉ ከዳር ሆነን ስናዳምጥ የነበርን የአማርኛ ተናጋሪዎች ግን ነገሩ እኛንም የሚመለከት መሆኑን የተገነዘብነው ጅቡቲው «መጣ» እና «መጣች» የሚሉትን ሲተረጉም ነው። «ይሚድ» እና «ቲሚድ» አለ። የእኛው ይመጣልና ትመጣለች፣ የእኛው «ይ» እና «ት» ናቸው። በሶማልኛ እንዲህ በመነሻቸው የሚረቡ ግሦች ዛሬ ጥቂት ብቻ ቀርተዋል። በአፋርኛ ግን ብዙ ናቸው። እነዚህ ቅሪቶች ከግዕዝና ከአማርኛ፣ ከዓረብኛና ከሰሜን አፍሪካው በርበርኛ ጋር የሚያያይዙ የሩቅ ዘመን ሥሮች ናቸው። ሊቃውንት አፍሮ-እስያዊ የሚሉት ታላቅ ቤተሰብ ሴማዊውንና ኩሻዊውን በአንድ ጣራ ሥር የሚያኖረው በእንዲህ ዓይነቱ ማስረጃ ነው። ሶማልኛና ዓረብኛ ዘመዳሞች ናቸው ከተባለም በዚህ መንገድ እንጂ በልጅና በአባትነት አይደለም።

ቋንቋ የሚለያየው እንደ ዘፈቀደ ሳይሆን በሕግ ነው። አንድ ሕዝብ ለሁለት ተከፍሎ መገናኘቱን ባቆመ ጊዜ፣ በአንዱ ወገን የተጀመረው የድምፅ ለውጥ ወደ ሌላው አይሻገርም። ለውጡ ደግሞ አንድን ቃል መርጦ አይነካም፤ ያንን ድምፅ የያዙትን ቃላት ሁሉ ያዳርሳል። በሶማልኛ ሰው (ወንድ) ኒን ይባላል፤ ሲበዛ ግን ኒመን ነው። ቅርንጫፍ ላን፣ ቅርንጫፎች ላሞ ናቸው። በቃል መጨረሻ ላይ «ን» የሆነው ድምፅ ጥንት «ም» እንደነበር ብዙ ቁጥሩ እየመሰከረ ነው ማለት ነው። ይህ ግምት እንዳይመስል በሰሜን ኬንያ በማርሳቢት አካባቢ ግመል የሚያረቡትን ሬንዲሌዎችን መጠየቅ ይቻላል። ሶማሌው ለአፍንጫ ሰን ሲል ሬንዲሌው እስከ ዛሬ ሰም ይላል። ጀርመናዊው ሊቅ በርንድ ሃይነ እ.ኤ.አ. በ1978 ሶማልኛን፣ ሬንዲልኛንና ቦኒን ያካተተውን ቡድን «ሰም» ብሎ የሰየመው በዚህችው አፍንጫ ነው።

መሪጌታውን የሚያስደስት ሌላ ነገር አለ። የአማርኛ ጸሐፊ «ዐይን» በየትኛው «ዐ»፣ «ሕግ» በየትኛው «ሐ» እንደሚጻፍ ሲከራከር ይኖራል። ብዕሩ የሚለያቸውን ፊደላት አንደበቱ ግን አይለያቸውም። ድምፃቸው ከአማርኛ ጉሮሮ ጠፍቶ ቅርጻቸው ብቻ ቀርቷል። ትግርኛ ጠብቋቸዋል፤ ሶማልኛና አፋርኛም ጠብቀዋቸዋል። ሶማሌው ላም ለማለት ሰዕ ሲል «ዐ»ን ከጉሮሮው ጥልቀት ያወጣታል፤ ኦሮሞው ግን እንደ እኛ አለስልሶ ሰአ ይላል። የሶማሌው ሰዲሕ በኦሮሞው አፍ ሰዲ የሆነውም በዚሁ መንገድ ነው። የዲማና የደብረ ወርቅ የቅኔ ተማሪ በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቀውን ድምፅ የቀብሪ ደሃር ግመል ጠባቂ በየዕለቱ ይናገረዋል።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንለፍ። ሶማልኛ ከየት ተነሥቶ ወዴት ተስፋፋ? ለረጅም ጊዜ የቆየው አመለካከት ሶማሌዎች ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ተነሥተው ወደ ደቡብ ወረዱ የሚል ነበር። የዚህ አመለካከት ዋና መሠረት የጎሣ የዘር ሐረግ ነው። ዳሮድና ይስሐቅ ምንጫቸውን ባሕር ተሻግረው ከመጡ የዓረብ ሼኮች ያደርሳሉና። እ.ኤ.አ. በ1964 ሃሮልድ ፍሌሚንግ ባይሶና ሬንዲሌ የተባሉት ሁለት ቋንቋዎች የሶማልኛ የሩቅ ዘመዶች መሆናቸውን ባሳየ ጊዜ ግን ይህ መሠረት ተናጋ። ባይሶ የሚነገረው በዓባያ ሐይቅ፣ በጊዲቾ ደሴትና በዳርቻው ነው። ከጊዲቾ እስከ ቅርቡ የሶማሌ መንደር ያለውን ርቀት ካርታ ላይ የለካ ሁሉ ነገሩ ምን ያህል አስገራሚ እንደሆነ ይረዳል። በሌሎች ቋንቋዎች የተከበቡ ጥቂት ሺህ ሰዎች በሐይቅ መካከል የሶማልኛን የአጎት ልጅ ይዘው ተቀምጠዋል። በኦሞ ወንዝና በቱርካና ሐይቅ ዙሪያ ያሉት አርቦሬና ዳሰነችም ከዚሁ ቤት ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ኸርበርት ሉዊስ የሶማሌና የኦሮሞ መነሻ ደቡብ ኢትዮጵያና ከእሱ የሚዋሰነው የሰሜን ኬንያ ምድር መሆኑን በሰፊው ተከራከረ።

የክርክሩ ሎጂክ ቀላል ነው። ቋንቋ ለረጅም ዘመን በኖረበት ቦታ ብዙ ጊዜ ተሰነጣጥቆ እናገኘዋለን፤ በቅርቡ በተስፋፋበት ቦታ ግን ገና አንድ ወጥ ነው። በሰሜን ሶማሊያ፣ በኦጋዴንና በጅቡቲ የሚነገረው ሶማልኛ በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ያለ ችግር ያግባባል። በጁባና በሸበሌ ወንዞች መካከል ግን ማይ፣ ቱኒ፣ ጅዱና ደባሬ የሚባሉ አነጋገሮች በቅርብ ርቀት ተደራርበው ይገኛሉ። የሰሜኑ ሶማሌ የማይን አነጋገር ሳይማረው አይረዳውም። እንግዲህ ሥሩ በደቡብ፣ የተዘረጋው ቅርንጫፍ በሰሜን ነው ማለት ነው። ይህም የዘር ሐረጉ ከሚተርከው ፍጹም ተቃራኒ ነው።

የአንድን ሕዝብ የአባቶች ትረካ ለማቃለል አንፈልግም። የዘር ሐረግ የራሱ አገልግሎት አለው፤ ውኃና ግጦሽ በማን እንደሚታዘዝ፣ ጉማ ማን ለማን እንደሚከፍል ይወስናል። የታሪክ ማስረጃ ተደርጎ ሲወሰድ ግን ተግባሩ ይለወጣል። ጎጃሜው አንባቢ በሶማሌው ሼኮች ከመሳቁ በፊት የራሱን ቤት ይመልከት። የኢትዮጵያ ነገሥታት የዘር ሐረጋቸውን እስከ ኢየሩሳሌም አድርሰው፣ ይህንኑ ትረካ በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ አድርገው አስፍረውት ነበር። በቀይ ባሕር ግራም ሆነ ቀኝ የበላይነትን የሻተ ሁሉ አያቱን ከባሕር ማዶ ማምጣቱ በአጋጣሚ አይደለም። ከማዶ የመጣ አያት ከጎረቤት ጋር አያስተካክልምና።

የመስፋፋቱ ምክንያት በደም ውስጥ ሳይሆን በኑሮ ዘዴ ውስጥ መፈለግ አለበት። ግመል ውኃ ሳያገኝ ለብዙ ቀናት የሚጓዝ እንስሳ እንደመሆኑ መጠን፣ ለከብት አርቢ የተዘጋው ደረቅ ሜዳ ለግመል አርቢ የተከፈተ ነው። ከቱርካና ሐይቅ በስተምሥራቅ ካለው ምድር እስከ ሕንድ ውቅያኖስ፣ ከዚያም እስከ ኤደን ባሕረ ሰላጤ የተዘረጋው ይህ ሜዳ ነው። አርብቶ አደሩ ስለሚንቀሳቀስና በየጉድጓዱ ስለሚገናኝ አነጋገሩ አይሰነጣጠቅም። በወንዝ ዳር ማሽላ የሚዘራው ገበሬ ግን በመንደሩ ረግቶ ስለሚኖር አነጋገሩም ከእርሱ ጋር ይረጋል። በሸበሌና በጁባ ዳር ከባንቱ ወገን የሆኑ ገበሬዎችም ከጊዜ በኋላ ሶማልኛንና ማይን አፍ መፍቻቸው አድርገዋል። የሶማሌ ስም በጽሑፍ ከሚገኝባቸው ቀደምት ሰነዶች አንዱ ደግሞ፣ ነጋዴው ቢሰማ ምን ይል ነበር፣ በ15ኛው መቶ ዘመን ለዐፄ ይስሐቅ የተገጠመ የጥንት አማርኛ የድል መዝሙር ነው።

የኦሮምኛው መስፋፋት ለአንባቢያችን ይበልጥ የታወቀ ስለሆነ አናረዝመውም። አባ ባሕርይ በ1593 እ.ኤ.አ. አካባቢ የጻፉት ድርሳን የገዳን ሥርዓት ከዐይን ምስክርነት ጋር ይተርከዋል። ከወሎ እስከ ኬንያው ጣና ወንዝ የሚነገረው ኦሮምኛ ዛሬም በአብዛኛው የሚያግባባ መሆኑ የመስፋፋቱን ቅርብነት ያመለክታል።

እዚህ ላይ አንድ የትምህርት ቤት ትዝታ ይፈቀድልን። ከመምህራኖቻችን አንዱ የኒኮላይ ማርን ነገር ሳያነሣ ትምህርቱን አይጨርስም ነበር። ማር ቋንቋዎች ሁሉ ከአራት ድምፆች እንደወጡ፣ ቋንቋም የመደብ መሣሪያ በመሆኑ ሥርዓት ሲለወጥ አብሮ እንደሚለወጥ ያስተማረ የሶቪየት ሊቅ ነው። ማር እ.ኤ.አ. በ1934 ከሞተ በኋላም ትምህርቱ በመንግሥት ጥላ ሥር ለዓመታት ሲገዛ ቆይቶ፣ በ1950 ስታሊን ራሱ በፕራቭዳ ጋዜጣ ላይ ስህተት መሆኑን እስኪጽፍ ድረስ ደፍሮ የሚቃወመው ጥቂት ነበር። እውነቱን ለማወቅ የመሪ ፈቃድ መጠበቁ አሳፋሪ ነው። ነጥቡ ግን ትክክል ነበር። ሥርዓት በአንድ ሌሊት ይወድቃል፤ ግሥ ግን እንደ ትናንቱ ይረባል።

ፖለቲካው ግን ለቋንቋ ሊቃውንት ጆሮ አልሰጠም። የሶማሊያ መንግሥት በጥቅምት 1965 ዓ.ም. የላቲን ፊደልን ይፋ አድርጎ ሰፊ የማንበብና የመጻፍ ዘመቻ ማካሄዱ የሚያስመሰግን ሥራ ነበር። በሰንደቅ ዓላማው ላይ ያለው ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ግን «የቋንቋ ወሰን የአገር ወሰን ነው» የሚል የይገባኛል ጥያቄ የተሸከመ ነበር። ይህ ጥያቄ በ1969 ዓ.ም. ክረምት ጦር ሆኖ ኦጋዴን ገባ። ቋንቋ ወሰን ቢሆን ኖሮ ጊዲቾ ደሴት የማን ትሆን ነበር? ማርሳቢትስ? በአንድ ቋንቋ አንድ ሕዝብ ነን ያለው መንግሥትም ለጽሑፍ የመረጠው የሰሜኑን አነጋገር ብቻ ስለነበረ፣ የማይ ተናጋሪዎች የእኛስ አፍ የት ሄደ ማለታቸው አልቀረም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በዚያች አገር የደረሰው መከራ እንዳሳየው፣ አንድ ቋንቋ መናገር ከመተላለቅ አላዳነም።

ነገር ግን በሌላው ቤት ብቻ መፍረድ ይህን ያህል ቀለም አያስፈልገውም ነበር። የመሪጌታው ጥያቄ ሙሉ መልስ የሚገኘው እዚሁ ጎጃም ውስጥ ነው።

ሰው ሳይሄድ ቋንቋ ይሄዳልን? አዎን፤ አገውን ይመልከቱ። በአንድ ወቅት ከከረን አቅራቢያ እስከ ዓባይ ማዶ የተያያዘ የነበረው የአገው ቋንቋ ምድር ዛሬ አራት ደሴቶች ሆኗል፤ በኤርትራ ብሊን፣ በዋግ ኽምጣኛ፣ ከጎንደር በስተምዕራብ ቅማንትኛ፣ በአዊ አውንጊ። እርስ በርሳቸው አይግባቡም፤ ይህም መለያየታቸው ጥንታዊ መሆኑን ያሳያል። በደሴቶቹ መካከል ያለው ሕዝብ በጅምላ ተሰዶ አልጠፋም። እዚያው መሬት ላይ እያረሰ፣ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን የሚሠሩበትን ቋንቋ ቀስ በቀስ አፍ መፍቻው አደረገ። ማስረጃው አማርኛ ራሱ ነው። ግዕዝ «መጽአ ንጉሥ» ብሎ ግሡን ያስቀድማል፤ አማርኛ «ንጉሥ መጣ» ብሎ ግሡን ከመጨረሻ ያኖራል። አገውኛም፣ ኦሮምኛም፣ ሶማልኛም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በግዕዝ ከልብ የተባለውን እንስሳ እኛ ውሻ ስንለው ሲዳማው ወሺቾ ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ስሌት የሴማዊ ቋንቋዎችን ወደ አፍሪካ ቀንድ መግባት 2,800 ዓመታት ገደማ ወደ ኋላ ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን የባሕር ማዶ ሰዎች ታሪክ ሳይሆን፣ የአገሩ ገበሬ በአዲስ ቃላት በአሮጌ ስልት የመናገሩ ታሪክ ነው። «እኛ የአገሩ ነን» ያለው ነጋዴ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው አገሬነቱን በአማርኛው ላይ መመሥረቱ ነው። አረፍተ ነገሩን የሚገጣጥምበት ስልት ከሶማሌው ስልት ጋር የተዛመደ ነውና።

ቋንቋው ሳይሄድ ሰው ይሄዳልን? ይህም ሆኗል። ዓባይን ተሻግረው በ17ኛው መቶ ዘመን በጎጃም ምድር የሰፈሩ ኦሮሞዎች ዛሬ ሊበንን በመሳሰሉ የቦታ ስሞች ይታወሳሉ። በይልማናም ውስጥ ኢልማ፣ ልጅ የሚለው ቃል ይሰማል። የልጅ ልጆቻቸው አማርኛን ከማንም አሳምረው ይናገራሉ፤ ቅኔም ይዘርፋሉ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የጋፋት ጉዳይ ነው። ጋፋትኛ ከአማርኛና ከጉራጌ ቋንቋዎች ጋር የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ ሲሆን፣ ተናጋሪዎቹ ከዓባይ ደቡብ ተነሥተው ዳሞት የሚለውን ስም ጭምር ይዘው ወደ ጎጃም ተሻግረዋል። ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን መኃልየ መኃልይን በጋፋትኛ አስተርጉሞ ባይወስድ ኖሮ ብዙው ሳይመዘገብ ይጠፋ ነበር። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1947 ጎጃምን አስሶ ያገኘው አራት ተናጋሪዎችን ብቻ ነው። አራት ሰዎች! ጋፋትን የገደለው ሰይፍ አልነበረም። ልጅ በቋንቋው ሲናገር የሚስቅበት ገበያ፣ በቋንቋው አቤቱታ የማይቀበል ዳኛ፣ በቋንቋው የማይቀደስበት ደብር ነበሩ። ያንን ቋንቋ ለመመዝገብ ሁለት የባሕር ማዶ ሰዎች ሲደክሙ፣ ቅኔ ቤቶቻችን ጎረቤታቸውን እንደ ቋንቋ አለመቁጠራቸውን ለእኛ ለተማርነው መናገር ይከብዳል፤ ግን መነገር አለበት።

ከዚህ በኋላስ ተማርን? ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሶማልኛን፣ ኦሮምኛን፣ ወላይትኛን፣ አፋርኛንና ሌሎችን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች መካሄዱ በአገሪቱ ታሪክ ታላቅ እርምጃ ነበር። የቀብሪ ደሃር አርብቶ አደር በራሱ ቋንቋ፣ በግዕዝ ፊደል አነበበ። ከአሥራ አምስቱ ውስጥ ግን አንድም የአገው ቋንቋ አልነበረም። ከደብረ ማርቆስ የአንድ ቀን መንገድ ላይ የሚኖረው የአዊ ገበሬ ሀሁን የቆጠረው በሰው ቋንቋ ነው። ለተናጋሪው ቁጥር ማነስ ነው እንዳይባል፣ በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ አውንጊ ተናጋሪ ተብሎ የተመዘገበው ከ350 ሺህ በላይ ነው። ዛሬ አውንጊ በአዊ ዞን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል። ቅማንትኛ ግን በዚያው ቆጠራ ከ172 ሺህ በላይ ራሳቸውን ቅማንት ካሉ ሰዎች መካከል አፍ መፍቻዬ ነው ያሉት 1,650 ብቻ ነበሩ። ጋፋት በሄደበት ጎዳና ላይ ነው።

«ቋንቋ በበዛ ቁጥር አገር ይከፋፈላል» የሚሉ ወገኖች ይኖራሉ። ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸው ቋንቋ ከማይነካባቸው መካከል ናቸው። ሌላው ወገን ደግሞ ጥንታዊነትን መዝኖ «ነባር» እና «መጤ» የሚል መዝገብ ለመክፈት ይህንኑ የቋንቋ ታሪክ ይጠቅስ ይሆናል። ለእሱ የምንለው አንድ ነገር አለ። በዚህ መዝገብ ከተሄደ ጎጃም ውስጥ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ በአገው ርስት ላይ የተቀመጠ ይሆናል፤ ያው አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ የአገው የልጅ ልጅ ስለሆነ ራሱን ከራሱ መሬት ማፈናቀል ይኖርበታል።

የሚያስፈልገው ሥራ ሌላ ነው። በሁለት እጁ እነሴና በእነማይ ወረዳዎች ትርጉማቸው በአማርኛ የማይፈታ የወንዝ፣ የኮረብታና የማሳ ስሞች ሞልተዋል። የሞጣና የቢቸና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር ሆነው፣ ከየቀበሌው ሽማግሌዎች እነዚህን ስሞች ቢሰበስቡ ደብተርና እርሳስ እንጂ ሌላ በጀት አይጠይቅም። የሰበሰቡትንም አውንጊ ለሚያስተምሩ የእንጅባራ መምህራን ቢልኩ ከስሞቹ የትኞቹ የአገው፣ የትኞቹ የኦሮሞ፣ የትኞቹም ምናልባት የጋፋት መሆናቸውን መለየት ይቻላል። ለዚህ ጸሐፊ ቃል የገቡት የመጀመሪያው ሰው መሪጌታው ናቸው። ከትውልድ መንደራቸው በታች ያለውን የወንዝ ስም ለስድሳ ዓመት እየጠሩት ትርጉሙን ጠይቀው እንደማያውቁ ነግረውናል።